የፍሬን ሸራ አቧራና የሳንባ ሽፋን ካንሰር፦ ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ስለ ሜሶቴሊዮማ ሁለት መስመር ብጽፍ፣ ከአዳማ ጋራዦች ጥያቄ ጎረፈ። ሜሶቴሊዮማ በብዛት የሳንባን ስስ ሽፋን፣ አንዳንዴም የሆድ ዕቃን ሽፋን የሚይዝ ካንሰር ነው። ዋናው መነሻው አስቤስቶስ የሚባል ማዕድን ብናኝ ነው። የሥራ ቦታ ጤንነት ሙያዬ ስለሆነ የቻልኩትን ልመልስ።

ለ12 ዓመት የፍሬን ሸራ ቀይሬያለሁ። የፍሬኑን ከበሮ የምናጸዳው በኮምፕረሰር ነው። ያሰጋኛል?

ወንድሜ፣ ኮምፕረሰሩን ዛሬውኑ ተወው። ሲነፋ ያ ግራጫ ዱቄት ቅንድብህ ላይ ሳይቀር ያርፋል አይደል? ያሮጌ ሸራ ከሆነ አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል፤ በዓይን አይለይም። የአስቤስቶስ ክሮች በጣም ደቃቅ ስለሆኑ አፍ ላይ የታሰረ ፎጣ አያግዳቸውም። በእርጥብ ጨርቅ ጥረገው። እንዳትደነግጥ ግን፦ በሽታው የበረታው በማዕድን ቆፋሪዎች፣ በመርከብ ሠሪዎችና በሙቀት መከላከያ ሠራተኞች ላይ ነው። ከተጋለጡትም አብዛኞቹ አይታመሙም።

አባቴ ድሮ አስቤስቶስ ፋብሪካ ነበሩ። ቱታቸውን የምታጥበው እናቴ ነበረች። ይተላለፋል?

ካንሰሩ አይተላለፍም። ብናኙ ግን በቱታ ተሸክሞ ቤት ይገባል፤ ልብስ ሲያጥቡ የታመሙ ሚስቶች አሉ። በፈረንጆቹ 1960 በደቡብ አፍሪካ 33 ሕመምተኞች ተመዝግበው ሲወጡ፣ አስቤስቶስ ማውጫው ውስጥ ሠርተው የማያውቁ፣ አካባቢው ላይ የኖሩ ሰዎችም ነበሩባቸው። በሽታው የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 50 ዓመት ቆይቶ ነው። ስለዚህ እናትሽ ትንፋሽ ካጠራቸው ወይም ደረታቸውን ካመማቸው፣ ለሐኪሙ የቱታውን ነገር ንገሪው። ካልነገርሽው አይጠይቅሽም።

ሲጋራስ?

ሜሶቴሊዮማን አያመጣም። የሳንባ ካንሰርን ግን ያመጣል፤ ከአስቤስቶስ ጋር ሲገናኝ ደግሞ አደጋው ይባዛል።

የቤቴ ክዳን የድሮ አስቤስቶስ ነው። ላፍርሰው?

ካልተሰነጠቀና ካልተፈረፈረ አይንኩት። አደጋው ሲቆረጥ፣ ሲበሳና ሲሰበር ነው። በአዳማ ነፋስ ደግሞ የእርስዎ ብናኝ ጎረቤት ቡና ላይ ነው የሚያርፈው! ማንሳት ግድ ከሆነ፣ በውኃ አርሰው፣ ሳይሰብሩ፣ በሚያውቅ ሰው ያስነሱት።

ከሥራ በኋላ ወተት ስንጠጣ አቧራው ይጠረጋል ይባላል። እውነት ነው?

ወተቱ የሚወርደው ሆድ፣ ብናኙ የገባው ሳንባ። የት ይገናኛሉ? ከጣማችሁ ጠጡት።