ልጄ የዋልታ ድብን እንጂ ጭላዳን አያውቅም

ጥያቄ፦ የ7 ዓመት ልጄ የእንስሳት መጽሐፍ ነፍሱ ነው። ደሴ የማገኘው ግን ስለ ዋልታ ድብና ካንጋሮ ብቻ ነው። ምን ዓይነቱን ልምረጥለት? (እናት፣ ከደሴ)

መልስ፦ እህቴ፣ የዋልታ ድቡም ችግር የለውም። ዋናው እንስሳውን ከነመኖሪያው ማሳየቱ ነው። «ጭላዳ ሣር ይበላል» ብሎ ካለፈ ምን ዋጋ አለው? ቁጭ ብሎ ሣሩን በጣቶቹ ሲነጭ ውሎ፣ ሲመሽ አውሬ እንዳይደርስበት ገደል ወርዶ እንደሚያድር ከነገረው ግን፣ ልጅሽ በጥያቄ ያጣድፍሻል። ቀይ ቀበሮም እዚያው ወሎ፣ ቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ አለልሽ፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው ብርድ አይጥ እያደነ ይኖራል። አንበሳን ከፔንግዊን ጋር አንድ ሜዳ ላይ ያቆመ መጽሐፍ ካየሽ፣ በነፃ ቢሰጡሽም ተይው።