ለሌሊቱ ቴስት የራሱን ኢንቫይሮመንት ስጪው

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የአማርኛ ጽሑፍ የሚያጸዳው የፓይተን ላይብረሪሽ ሌሊት ሌሊት በጊትሃብ አክሽንስ (ኮድ የሚቀመጥበት ጊትሃብ ቴስቶችን በራሱ የሚያስሮጥበት አገልግሎት) ይፈተሻል። ማንም ኮዱን ሳይነካው ጠዋት ቀይ ሆኖ፣ ማለትም ወድቆ፣ ይጠብቅሻል። ለቀኑም ለሌሊቱም ያለሽ አንድ ሪኳየርመንትስ ፋይል (የሚጫኑት ላይብረሪዎች ዝርዝር) ነው። ልለያቸው ወይ? ቤት ያለው ኔት ደካማ ስለሆነስ እንዴት ላድርግ? ነው ያልሽው።

አዎ፣ ለዪያቸው። ፑል ሪኩዌስት (ሰው ኮዱ ውስጥ እንዲገባለት የሚልከው ለውጥ) ላይ የሚሮጠው የቀኑ ቴስት «አሁን የተላከው ለውጥ የሰበረው ነገር አለ?» ብሎ ነው የሚጠይቀው። የሌሊቱ ደግሞ «እኛ ዝም ብለን ሳለን ከውጭ መጥቶ የሰበረን ነገር አለ?» ይላል። ኢንቫይሮመንቱ (ቴስቱ የሚሮጥበት የተጫኑ ላይብረሪዎች ስብስብ) አንድ ከሆነ ጥፋቱ የማን እንደሆነ መለየት ይከብዳል። እኔን በጣም የሚያሳዝነኝ አዲስ ኮንትሪቢዩተር (ኮድ የሚያዋጣ ሰው) ነው። የመጀመሪያ ሥራውን ይልካል፣ ቀይ ያያል፣ የራሱ ጥፋት ይመስለዋል፣ በዚያው ይቀራል። በአማርኛ ላይ የሚሠራ ሰው እንደሆነ ስንት ነን?

ስለዚህ ለቀኑ የሁሉም ዲፔንደንሲ (ኮድሽ የሚደገፍበት ላይብረሪ) ቨርዥን የተቆለፈበት ፋይል ይኑርሽ። ለሌሊቱ የቨርዥኑን ቁልፍ አንሺ፤ ፒፕ (የፓይተን ላይብረሪ ጫኚው) አዲሱን ያምጣ። ሌሊት ከወደቀ ኢሹ (የችግር ማስታወቂያ) ይከፈት እንጂ የማንንም ፑል ሪኩዌስት አያግድ። ነምፓይና ፓንዳስ የሚባሉትን የዳታ ላይብረሪዎች የምትጠቀሚ ከሆነ የሳይንቲፊክ ፓይተን ማኅበረሰብ ገና በይፋ ያልወጡ ቨርዥኖችን ዊል (ለመጫን የተዘጋጀ ጥቅል) አድርጎ ያስቀምጣል፤ በእነሱ ሦስተኛ ኢንቫይሮመንት ማዘጋጀት ይቻላል። ነምፓይ 2.0 በጁን 2024 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ብዙ የድሮ ስሞች ተሰርዘው ነበር። ቀድሞ በቅድመ ልቀቱ ሲፈትን የነበረ ፕሮጀክት ለማስተካከል ጊዜ አገኘ።

ካሽ ላይ፣ ማለትም ለሚቀጥለው ሩጫ ተብሎ በሚቀመጠው ነገር ላይ፣ ተጠንቀቂ። ሙሉ ቬንቩን (ላይብረሪዎቹ የሚጫኑበትን ፎልደር) ካሽ አድርገሽ፣ የካሹ ቁልፍ፣ ማለትም መለያው፣ ከሪኳየርመንትስ ፋይሉ የሚሠራ ከሆነ፣ ፋይሉ ስለማይለወጥ ቁልፉም አይለወጥም። ቴስቱ በየቀኑ አረንጓዴ ይሆናል፤ የሚፈትነው ግን የቆዩትን ቨርዥኖች ነው። የሌሊቱ ቬንቭ ሁልጊዜ ከባዶ ይነሳ።

ጊዜ ካጠረሽና ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የምትሠሪ ከሆነ፣ ይህን ሥሪ። ዲፔንደንሲዎቹ ተጭነው እንዳለቁ፣ ቴስቱ ከመጀመሩ በፊት፣ የፒፕ ፍሪዝን ውጤት (የተጫኑትን ላይብረሪዎች ከነቨርዥናቸው የሚዘረዝረውን) አርቲፋክት አድርገሽ፣ ማለትም በኋላ የሚወርድ ፋይል አድርገሽ፣ አስቀምጪ። በኋላ ከሆነ ቴስቱ ሲወድቅ ሳይቀመጥ ሊቀር ይችላል፤ የምትፈልጊው ደግሞ ልክ ያን ቀን ነው። ጠዋት ቀይ ስታዪ የመጨረሻውን አረንጓዴ ዝርዝርና የዛሬውን በዲፍ (የሁለት ፋይሎችን ልዩነት በሚያሳየው መሣሪያ) አስተያዪ። አብዛኛውን ጊዜ የሚለያዩት ጥቂት መስመሮች ብቻ ናቸው። አንድ በአንድ ወደ ድሮው እየመለስሽ ሞክሪ። ተጠርጣሪው ቶሎ ይያዛል። ኢሹ ስትከፍቺም «ከዚህ ቨርዥን ወደዚህ ሲያልፍ ተሰበረ» ማለት ስለምትችዪ የዚያኛው ፕሮጀክት ሰዎች በቁም ነገር ያዩልሻል።

ስለ ኔቱ ብዙ አትጨነቂ። ሪፖሽ (የኮድሽ ማከማቻ) ፐብሊክ ከሆነ የሌሊቱ ሥራ በነጻ ጊትሃብ ሰርቨር ላይ ነው የሚሮጠው፤ ጎንደር መብራት ቢጠፋም አይቆምም። ችግሩ ላፕቶፕሽ ላይ ስትደግሚው ነው። ኔት የሚሻልበት ቦታ ስትሆኚ ዊሎቹን በፒፕ ዳውንሎድ አንድ ፎልደር ውስጥ አውርጂ፤ ቤት ገብተሽ ኖ ኢንዴክስና ፋይንድ ሊንክስ በሚሉት ኦፕሽኖች ያለ ኔት ትጭኛለሽ። እኛ ፒያሳ ስንገናኝ ፎልደሩን በፍላሽ እንቀባበላለን። የሚቀባበሉት ሰዎች ኦፕሬቲንግ ሲስተምና የፓይተን ቨርዥን ግን አንድ መሆን አለበት።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ክሮን (ሥራው የሚነሳበት ሰዓት የሚጻፍበት መስመር) ላይ የምትጽፊውን ጊትሃብ በዩቲሲ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት፣ ነው የሚያነበው። 0 ሰዓት ካልሽ በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ሰዓቱ ሲሞላ ወረፋ ስለሚበዛ ደቂቃውን 17 ወይም 40 አድርጊው። ፐብሊክ ሪፖ 60 ቀን እንቅስቃሴ ካጣ ደግሞ ጊትሃብ የሌሊቱን ፕሮግራም ራሱ ያጠፋዋል። ፈተና ላይ ከርመሽ ስትመለሺ መጀመሪያ እሱን እዪ።

አሁን የወደቀውን ሎግና፣ ካለሽ ሁለቱን የፍሪዝ ዝርዝሮች፣ እዚሁ ለጥፊልን። ዛሬ ማታ አየዋለሁ።