14 ሚሊ ሜትር ምን ይነግረናል? ስለ መድኃኒት ዕፅዋት የላብራቶሪ ምርመራ ለቀረበው ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ውድ ጠያቂ፣ ጥያቄዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ቅጠሉን ሜታኖል በተባለው አልኮል ዘፍዝፈው ያወጡት ጭማቂ (ኤክስትራክት) ባክቴሪያ በተዘራበት ማብቀያ ላይ በሚቀመጥ አንድ ትንሽ ክብ ወረቀት (ዲስክ) 10 ሚሊ ግራም ሲደረግ 14 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ ባክቴሪያ ያልበቀለበት ክብ እንዳሳየና ይህም ጄንታማይሲን ለተባለው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት እንደሚቀርብ፣ ፀረ ኦክሲዳንትነትን በሚለካው የዲፒፒኤች ምርመራም ከቫይታሚን ሲ ጋር የተቀራረበ ውጤት እንደሰጠ ገልጸው፣ «ተክሉ ለጤና ጠቃሚ መሆኑ ተረጋግጧል ብዬ መጻፍ እችላለሁን? ቀጥሎስ ምን ልሥራ?» ብለዋል። ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሴ «አይችሉም» የሚል ነው። ይህን የምለው ድካምዎን ለማሳነስ ሳይሆን፣ እኔም በዚሁ ሥራ ባሳለፍኳቸው ዓመታት ያለጊዜው በመደሰቴ ብዙ ወራት ስላባከንኩ ነው።

ከ14 ሚሊ ሜትሩ ልጀምር። የወረቀቱ ዲስክ ራሱ 6 ሚሊ ሜትር ስፋት ስላለው፣ ከጠርዙ ወዲያ በየአቅጣጫው የጠራው ቦታ 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ለማወዳደሪያ የሚያገለግለው የጄንታማይሲን ዲስክ በተለመደው መመዘኛ 10 ማይክሮግራም ሲይዝ፣ እርስዎ ያስቀመጡት 10 ሚሊ ግራም ከዚያ 1,000 እጥፍ ይበልጣል። እርግጥ ኤክስትራክት የብዙ ንጥረ ነገሮች ድብልቅ ስለሆነና ብርቱው ንጥረ ነገር በውስጡ በጥቂቱ ብቻ ሊኖር ስለሚችል፣ ንጽጽሩ ሚዛናዊ አይደለም ቢሉኝ እቀበላለሁ፤ ነገር ግን ለጄንታማይሲን ይቀርባል የሚለው አገላለጽ ከጽሑፍዎ መውጣት አለበት። በሌላ በኩል የክቡ ማነስ ተክሉን አያስኮንነውም፤ በውኃ የማይሟሙ ንጥረ ነገሮች አጋር በተባለው ጄሊ መሰል የባክቴሪያ ማብቀያ ውስጥ እንደ ልብ ስለማይሰራጩ፣ ጥሩ ኤክስትራክት በዚህ ዘዴ ደካማ መስሎ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ዲስኩን ትተው፣ በፈሳሽ ማብቀያ ውስጥ ኤክስትራክቱን ደረጃ በደረጃ እያቀጠኑ የባክቴሪያውን እድገት የሚገታውን ዝቅተኛ መጠን ይፈልጉ።

ያንን መጠን ሲያገኙ አንድ ቀላል ስሌት ይሥሩ። ውጤቱ ለምሳሌ በአንድ ሚሊ ሊትር 5 ሚሊ ግራም ቢሆን፣ የአዋቂ ሰው ደም 5 ሊትር ገደማ ስለሆነ፣ ያንኑ ያህል ለማግኘት 25 ግራም ደረቅ ኤክስትራክት በአንድ ጊዜ ደም ውስጥ መገኘት ይኖርበታል፤ ያውም አንጀት ምንም ሳያስቀር፣ ጉበትም ምንም ሳይለውጥ። ተክሉ በባህላዊው አጠቃቀም ቁስል የሚታጠብበት ከሆነ ስሌቱ ሌላ ነው፤ የሚጠጣ ከሆነ ግን እንዲህ ያለው ቁጥር መንገዱን ይዘጋዋል። ስለዚህም ነው በዘርፉ ብዙዎች በአንድ ሚሊ ሊትር ከ100 ማይክሮግራም በታች የሚሠራን ኤክስትራክት ትኩረት የሚሰጡትና ከ1 ሚሊ ግራም በላይ የሚፈልገውን የሚያልፉት።

ስለ ዲፒፒኤች ብዙ አልልም። ዲፒፒኤች በሰው አካል ውስጥ የሌለ፣ በፋብሪካ የተሠራ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ንጥረ ነገር ነው፤ ኤክስትራክቱ ሲያገኘው ቀለሙ ይገረጣል፣ እኛም በ517 ናኖ ሜትር እንለካዋለን። የሚነግረን ስለዚያ ኬሚካዊ ግንኙነት እንጂ ስለ ሰው አካል አይደለም። የአሜሪካ የግብርና ሚኒስቴር የምግቦችን የፀረ ኦክሲዳንት ልኬት የያዘውን የመረጃ ቋቱን በ2012 እ.ኤ.አ. ያነሣው፣ በብልቃጥ የተለካው ቁጥር በሰው ላይ የሚታይ ጥቅም ተደርጎ ለማስታወቂያ ይውል ስለነበር ነው።

አሁን ወደ ራሴ ስሕተት ልምጣ፤ ከሁሉ በላይ እንዲያስታውሱልኝ የምፈልገው ይህንን ነው። በአንድ ወቅት የአንድን ሥር ኤክስትራክት በላብራቶሪ ሳህን ትንንሽ ጉድጓዶች ውስጥ በሚያድጉ ሕዋሳት ላይ በኤምቲቲ ዘዴ እንመረምር ነበር። በዚህ ዘዴ ሕይወት ያላቸው ሕዋሳት ቢጫውን ንጥረ ነገር ወደ ወይን ጠጅ ስለሚለውጡት፣ የቀለሙ ድምቀት የሕዋሳቱ ብዛት ምልክት ተደርጎ ይወሰዳል። እኛ ኤክስትራክቱን በጨመርን ቁጥር ቀለሙ እየደመቀ ሄደ፤ «ሕዋስን ያበዛል» ብለን ደስ አለን፣ ለጉባኤም ጽሑፍ አዘጋጀን። አንዲት ወጣት የላብራቶሪ ባለሙያ «ሕዋስ በሌለበት ጉድጓድ ላይ ሞክራችሁታል?» ብላ ጠየቀችን። አልሞከርንም ነበር። በማግስቱ ስንሞክረው ባዶው ጉድጓድም እንደዚያው ወይን ጠጅ ሆነ፤ ንጥረ ነገሩን ይለውጥ የነበረው ኤክስትራክቱ ራሱ ነበር። የአራት ወር ሥራችን በአንዲት ጥያቄ ቆመ፣ እኔም እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ።

ስለዚህ ለማንኛውም ምርመራ ኤክስትራክቱ ያለበት ሕዋስ አልባ ጉድጓድ፣ እንዲሁም ሟሟው ብቻ ያለበት ጉድጓድ ይኑርዎት፤ ሜታኖልም ሆነ ሌላው የተለመደ ሟሟ ዲኤምኤስኦ በራሳቸው ባክቴሪያንም ሕዋስንም ይጎዳሉ። በብዙ ዕፅዋት የሚገኘውንና አፍ የሚያጣብቀውን ታኒንን ደግሞ በተለይ ይጠንቀቁት። ታኒን ፕሮቲንን በጅምላ ስለሚይዝ በምርመራ የቀረበለትን ኢንዛይም ሁሉ ይገታል፣ ተመራማሪውም ኤክስትራክቱ ለስኳርም፣ ለደም ግፊትም፣ ለካንሰርም የሚበጅ ይመስለዋል። ታኒኑን ስቦ በሚያስቀረው ፖሊአማይድ በተባለ ንጥረ ነገር አስወግደው ሲደግሙት ውጤቱ ከጠፋ፣ የጠፋው ምን እንደነበር ያውቃሉ።

ስለ ተክሉ ማንነት በጥያቄዎ ውስጥ ምንም አላነበብኩም። አበባ ወይም ፍሬ ያለው ናሙና አድርቀው፣ የተለቀመበትን ቦታና ቀን ጽፈው ለዕፅዋት ለዪ ባለሙያ ሰጥተዋል? በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በቤልጂየም ለክብደት መቀነሻ በተሰጠ ዝግጅት ውስጥ፣ ስቴፋኒያ ቴትራንድራ በተባለው ተክል ፋንታ አሪስቶሎኪያ ፋንግቺ በመግባቱ የበርካታ ሴቶች ኩላሊት ከጥቅም ውጪ ሆኗል። ናሙና ካልተቀመጠ፣ በሚቀጥለው ዓመት የሚለቅሙት ቅጠል ያው መሆኑን የሚመሰክርልዎ የለም።

የአወጣጡንም ዘዴ ከተክሉ ተጠቃሚዎች ይጠይቁ። ቻይናዊቷ ቱ ዮዮ በወባ ላይ ስትመራመር የአርቴሚዥያ ኤክስትራክቷ አንዴ እየሠራ አንዴ እየከሸፈ አስቸግሯት ነበር። በአራተኛው መቶ ዘመን በተጻፈ የሕክምና መጽሐፍ ውስጥ ተክሉ በውኃ ተዘፍዝፎ ተጨምቆ እንደሚጠጣ ስታነብ፣ ሙቀቱ ፍቱኑን ንጥረ ነገር ያበላሸው ይሆናል ብላ በዝቅተኛ ሙቀት በኤተር አወጣችው፤ በ1971 እ.ኤ.አ. ውጤቱ በእንስሳት ላይ ተረጋገጠ። ከዚያ በኋላ እንኳ ወደ ሕሙማን የሄደችው እሷና ባልደረቦቿ በራሳቸው ላይ ደኅንነቱን ከሞከሩ በኋላ ነው። የኖቤል ሽልማቱ የመጣው በ2015 እ.ኤ.አ. ነበር።

ለአሁኑ ሊጽፉ የሚችሉት፣ «የዚህ ተክል የሜታኖል ኤክስትራክት በዚህ መጠን በዚህ ባክቴሪያ ላይ በብልቃጥ የመግታት ምልክት አሳይቷል» የሚለውን ነው። ከዚያ በሌላ ወቅት የተለቀመ ቅጠል ይዘው ይድገሙት፤ ውጤቱ ከጸና በጤናማ የሰው ሕዋሳት ላይ ያለውን መርዛማነት ይለኩ፤ ባክቴሪያውን ከሚገታው መጠን ይልቅ ሕዋሳቱን የሚጎዳው መጠን በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ከሆነ ብቻ ንጥረ ነገሮቹን ወደ መለየት ይለፉ። የተጠቀሙበትን የባክቴሪያ ዝርያ፣ ዲስኩ ከመቀመጡ በፊት ሜታኖሉ ምን ያህል ጊዜ እንደተነነና ሜታኖል ብቻ የነካው ዲስክ ምን እንዳሳየ ቢጽፉልን፣ የማቅጠኛውን ደረጃዎች ስሌት አብሬዎት እሠራለሁ።