ባዶው ቱቦም ጤፍ ሲያሳይ

ጥያቄ፦ በደቡብ ወሎ ከተሁለደሬ የጤፍ ማሳ 40 ደገዛ (ሰብል የሚበላ የፌንጣ ዓይነት ነፍሳት) ሰብስቤ ምን እንደበሉ በዲኤንኤ ለማወቅ ሞከርኩ። አርቢሲኤል በተባለው የዕፅዋት ጂን ፕራይመር (የሚባዛውን የዲኤንኤ ክፍል የሚመርጥ አጭር ቁራጭ) አብዛኞቹ ባንድ፣ ማለትም ዲኤንኤው መባዛቱን የሚያሳይ መስመር፣ አልሰጡም። አጭር ቁራጭ በሚያነሳው ቲአርኤንኤል በተባለ ሌላ የዕፅዋት ጂን ፕራይመር ግን ሁሉም ጤፍ ሆኑ፤ ደገዛ ያልገባበት ባዶ ቱቦ ሳይቀር። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው። አርቢሲኤል እምቢ ያለው የሚያነሳው ቁራጭ ወደ 600 ቤዝ (የዲኤንኤ ፊደል) ስለሚጠጋ ነው፤ የተዋጠ ቅጠል ዲኤንኤ ሆድ ውስጥ በየሰዓቱ ይቆራረጣል። የቲአርኤንኤል ጂ እና ኤች ፕራይመሮች ከ10 እስከ 143 ቤዝ ብቻ ስለሚያነሱ በፍርፋሪውም ይሠራሉ። ደገዛው በቁሙ ጠርሙስ ውስጥ ከዋለ መፍጨቱን አያቆምም። እዚያው ማሳው ላይ፣ አንድ ደገዛ በአንድ ቱቦ፣ የሰውነቱን 10 እጥፍ በሚሆን 96 በመቶ አልኮል ይንከሩት። ሰውነቱ ውኃ ስለሚበዛው በማግስቱ አልኮሉን ቀይረው ፍሪዘር ያስገቡት።

ከባዱ ባዶው ቱቦ ነው። እሱ ጤፍ እያሳየ የ40ዎቹ ውጤት ሊታመን አይችልም፤ እባክዎ አይጻፉት። ጤፍ በእኛ አገር ላብራቶሪ በቀላሉ ይገባል፤ እንጀራ የበላ እጅና ከቤት የተለበሰ ሹራብ ይበቃዋል። ለዚህ ሥራ ብቻ የሚለበስ ጋውን ይያዙ፤ ጠረጴዛውን በበረኪና ይጥረጉ። ያለቀ ፒሲአር (ዲኤንኤ የተባዛበት ቱቦ) የሚከፈትበትም ክፍል ከሚዘጋጅበት ይለይ፤ ክዳን ሲከፈት የሚበተነው ብናኝ ብዙ ሚሊዮን ቅጂ ይይዛል።

የደገዛው ቆዳም የጤፍ አበባ ብናኝ አለው። አልኮሉን በውኃ አለቅልቀው ካስወገዱ በኋላ 1 እጅ በረኪና በ4 እጅ ውኃ በጥብጠው 1 ደቂቃ ይንከሩት፣ ከዚያ 3 ጊዜ በንጹሕ ውኃ ያለቅልቁት። አንገቱ ወይም ሆዱ የተሰነጠቀውን ግን ይተዉት፤ በረኪናው ወደ ውስጥ ገብቶ የሚፈልጉትን ዲኤንኤ ያጠፋል። ሲከፍቱት ከደረቱ ጀምሮ አረንጓዴ ሊጥ የመሰለ ነገር የሞላው ከረጢት ያገኛሉ፤ ምግቡ ገና ብዙ ያልተፈጨው እዚያ ስለሆነ እሱን ብቻ ይውሰዱ።

ከዚያ 5 ደገዛ ለ4 ቀን የማሽላ ቅጠል ብቻ መግበው አብረው ይመርምሩ። ጤፍ ከወጣባቸው ብክለቱ ገና አልጠፋም።

ይህ ሁሉ ጠርቶም «ጤፍ» የሚለው ስም ገና ያጠራጥራል። አጭሩ ቁራጭ ጤፍን ከማሳ ዳር ከሚበቅሉ የኢራግሮስቲስ (የጤፍ ወገን) ሣሮች ላይለይ ይችላል። የየሣሩን ቅጠል እርጥበት በሚመጥ ሲሊካ ጄል አድርቀው በዚያው ፕራይመር ያንብቡት፤ ከጤፍ ጋር አንድ ዓይነት ንባብ ከሰጠ ኢራግሮስቲስ ብለው ብቻ ይመዝግቡ።