የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የዴቢያን ፓኬጆችን በቡድን መያዝ

ጥያቄ፦ ሦስት ሆነን በበጎ ፈቃድ ጥቂት የዴቢያን (የሊኑክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም) ፓኬጆችን፣ ማለትም ለመጫን የተዘጋጁ ሶፍትዌሮችን፣ እንይዛለን። በቅርቡ አንዳችን የአንዱን ፓኬጅ ቨርዥን 1.4-2ን ወደ ዴቢያን ማኅደር አፕሎድ አደረገ። ሌላው ይህን ሳያውቅ የጋራ ኮዳችን በሚቀመጥበት ጊት ላይ ካለው ተነስቶ 1.4-3ን ላከ፤ የመጀመሪያው ያስተካከለው ስህተትም ተመልሶ መጣ። ሥራውን እንዴት ብንከፋፈል ይሻላል?

መልስ፦ የሥራ ክፍፍላችሁ አይደለም ችግሩ። የመጀመሪያው ሰው ፓኬጁን ወደ ማኅደሩ ልኮ ለውጡን ወደ ጊት ፑሽ ሳያደርግ (ሳይልክ) ቀረ፤ ጉዳቱ የመጣው ከዚያ ነው። ማኅደሩ ቁጥሩን አይቶ 1.4-3 ከ1.4-2 ስለሚበልጥ ይቀበለዋል፤ የቀደመው ማስተካከያ ውስጡ ይኑር አይኑር አይፈትሽም። የዴቢያን የስህተት መከታተያ ግን ቻንጅሎጉን (የየቨርዥኑን ለውጦች ዝርዝር) ያነብባል። በ1.4-3 ቻንጅሎግ ውስጥ የ1.4-2 ክፍል ከሌለ፣ ተዘግቶ የነበረው ስህተት አዲሱ ቨርዥን ላይም እንዳለ ይቆጥረዋል።

የተበላሸውን ለመጠገን የ1.4-2ን ሶርስ (ምንጭ ኮድ) የቆዩ ቨርዥኖች ከሚቀመጡበት ከስናፕሾት አውርዱ። ለውጡን ጊት ላይ ጨምሩ፣ የቻንጅሎጉን ክፍል ከ1.4-3 በታች በቦታው መልሱ፣ ከዚያ 1.4-4 ብላችሁ ላኩ።

ለወደፊቱ ቅደም ተከተሉን አትልቀቁ። ሥራ የሚጀምር ሰው መጀመሪያ ፑል ያደርጋል (አዲሱን ለውጥ ከጊት ያወርዳል)፤ የፓኬጁን ሁኔታ በሚያሳየው በዴቢያን ትራከር ገጽ ላይ ያለው ቨርዥንና የጊቱ ቻንጅሎግ መግጠማቸውንም ያያል። አንድን ስህተት የያዘ ሰው በመከታተያው ላይ ራሱን ባለቤት አድርጎ ያስመዘግባል፤ ያኔ ሌላው ያንኑ ሥራ አይደግመውም። የቻንጅሎጉ የላይኛው ክፍል «አንሪሊዝድ» (ገና ያልወጣ) እንደተባለ ይቆያል፤ ሦስታችሁም በየስማችሁ ሥር ትጽፉበታላችሁ። ይህን ቃል ወደ «አንስቴብል» (አዳዲስ ቨርዥኖች ወደሚገቡበት የዴቢያን ክፍል ስም) የሚለውጠው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ያ ሰው የዚያ ቨርዥን ኃላፊ ሆነ ማለት ነው። ኮሚቱን (የተመዘገበውን ለውጥ) ፑሽ ያደርጋል፣ ኤስቢልድ በሚባለው መሣሪያ በንጹሕ አካባቢ ይገነባል፣ የፓኬጅ ስህተቶችን በሚፈልገው በሊንቲያን ይፈትሻል፣ ይልካል። ታጉን (በጊት ላይ የቨርዥኑን ምልክት) የሚያስቀምጠው መቀበሉን የሚገልጸው ኢሜይል ከደረሰው በኋላ ነው። ማኅደሩ ካልተቀበለው ሌሎች ያወረዱትን ታግ ማንሳት ትልቅ ጣጣ አለው።

ብዙ ቡድኖች የሚሰናከሉበት ሌላም ነገር አለ። አዲስ የአፕስትሪም (የፕሮግራሙ ዋና ጸሐፊዎች ያወጡት) ቨርዥን ሲገባ ፑሽ መደረግ ያለበት የዴቢያን ብራንች (የጊት ቅርንጫፍ) ብቻ አይደለም፤ «አፕስትሪም» እና «ፕሪስቲን-ታር» የሚባሉት ብራንቾችም አብረው መሄድ አለባቸው። ፕሪስቲን-ታር ከቀረ ቀጣዩ ሰው የመጀመሪያውን ታርቦል (የታሸገ የሶርስ ፋይል) በባይት ደረጃ መልሶ ማውጣት አይችልም። ስሙ አንድ ሆኖ ቼክሰሙ (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ መለያ ቁጥሩ) የተለየ ታርቦል ሲመጣ ደግሞ ማኅደሩ ይመልሰዋል።

ጥያቄ፦ የፓኬጁ ሜንቴይነር (ኃላፊ) ወራት ሙሉ ድምፁ ጠፍቷል። ያለ ፈቃዱ ማስተካከል ነውር አይሆንም?

መልስ፦ አይሆንም፤ ደንቡ መንገዱን አስቀምጧል። ፓኬጁ የቡድን ከሆነና እርስዎም የቡድኑ አባል ከሆኑ፣ በቻንጅሎጉ መጀመሪያ «ቲም አፕሎድ» ብለው ጽፈው በተለመደው ተራ ቁጥር ይልካሉ፤ ስምዎን በአፕሎደሮች ዝርዝር ማስገባት አይጠበቅብዎትም። አባል ካልሆኑ ቁጥሩ ከ1.4-2 ወደ 1.4-2.1 ያልፋል። ልዩነቱን የሚያሳየውን ዲፍ በስህተት ሪፖርቱ ላይ ያያይዙና ፓኬጁን ወደ ማኅደሩ ከመግባቱ በፊት የተወሰኑ ቀናት ወደሚቆይበት መዘግያ ወረፋ ይላኩ። ለከባድና አስፈላጊ ስህተቶች 5 ቀን፣ ለሌሎች 10 ቀን የተለመደ ነው፤ ሜንቴይነሩ በመሐል ብቅ ካለ ሊያስቆመው ይችላል። ፓኬጁን ጨርሰው ሊረከቡት ካሰቡ የመታደግ ሐሳብዎን በሪፖርት ያሳውቁ፣ 21 ቀን ይጠብቁ፣ ከዚያ ቢያንስ በ7 ቀን መዘግየት ይላኩ። የተጻፈልዎትን መልስ ሁሉ በአክብሮት ያንብቡ፤ የጠፋው ሰው ታሞ ወይም ደክሞት ሊሆን ይችላል።

ፓኬጅን በቡድን መያዝን አጥብቀን የምንመክረው ያለ ምክንያት አይደለም። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. (እ.አ.አ. 2024) ይፋ የወጣው፣ በፋይል መጭመቂያው በኤክስዜድ 5.6.0 እና 5.6.1 ቨርዥኖች ውስጥ የተደበቀው የጀርባ በር (ስውር መግቢያ) የገባው፣ ፕሮግራሙን ለብዙ ዓመታት ብቻውን የተሸከመውን ሜንቴይነር «እረዳሃለሁ» ብሎ አመኔታውን ባገኘ ሰው እጅ ነው። ለእያንዳንዱ ፓኬጅ አንዱ የሌላውን ለውጥ በትክክል የሚያነብቡ ሁለት ሰዎች ይኑሩት። በሜንቴይነር ቦታ የቡድኑን አድራሻ ብቻ መጻፍ አይበቃም፤ የዴቢያን ፖሊሲም በአፕሎደሮች ውስጥ ቢያንስ አንድ ሰው በስሙ እንዲኖር ያዛል።

ጥያቄ፦ የግዕዝ ፊደል ፎንቶችን መርዳት እፈልጋለሁ፤ ግን የዴቢያን አባል አይደለሁም።

መልስ፦ አባል መሆን አያስፈልግዎትም። አቢሲኒካ የተባለው የግዕዝ ፊደል ፎንት በዴቢያን ውስጥ በፎንት ቡድኑ እጅ ነው ያለው። ሳልሳ በሚባለው የዴቢያን ጊትላብ (የጊት ድረ ገጽ) አካውንት ይክፈቱ፣ ለውጥዎን በመርጅ ሪኩዌስት (ለውጡን እንዲቀላቅሉት በሚቀርብ ጥያቄ) ያቅርቡ፤ የቡድኑ አባል ገምግሞ ይልክልዎታል። ፊደሎቹን የማያነብብ ገምጋሚ ስህተቱን በዓይኑ ሊለየው ስለማይችል፣ የተበላሸውን ቃል፣ የፕሮግራሙን ስምና የፎንቱን መጠን ጽፈው፣ ትክክለኛውንና የተሳሳተውን ምስል ጎን ለጎን ያያይዙለት።