ከሱቅ በደረቴ እስከ ባንኮኒ

ጥያቄ፦ አባታችን ካረፉ ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ ለሙት ዓመታቸው በምናስነብበው የሕይወት ታሪክ ላይ ግን እኔና ታናሽ ወንድሜ አልተስማማንም። አባታችን በወጣትነታቸው ከደጀን እስከ ቢቸና ባሉ ገበያዎች መርፌ፣ ክር፣ መስተዋትና ሻማ በሳጥን ይዘው የሚዞሩ ሱቅ በደረቴ ነበሩ። ኋላ በደብረ ማርቆስ ሱቅ ከፈቱ፤ ሁላችንንም ያሳደጉን በዚያ ነው። ወንድሜ ታሪካቸው ከሱቁ እንዲጀምር ይፈልጋል። ከዚህም ሌላ ሦስት የዱቤ ደብተሮች አግኝተናል፤ ያልተሰረዙ ስሞች ሞልተውባቸዋል። ምን ብናደርግ ይሻላል?
አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ማርቆስ

መልስ፦ ነፍስ ይማር፤ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። የወንድምዎ ስጋት ከየት እንደሚመጣ ይገባናል። እርሻ፣ ክህነትና ውትድርና በሚከበሩበት በአዛውንቶቻችን ዘመን፣ ዕቃ ተሸክሞ በየገበያው የሚዞር ሰው ከፍ ያለ ቦታ አልነበረውም። ሆኖም የሳጥኑን ዘመን ከታሪኩ ካወጣችሁት ሱቁ ከየት እንደ መጣ የሚገልጽ ነገር አይቀርላችሁም። በየገበያው የዞረ ሰው የትኛው መንደር እህሉን መቼ ለገበያ እንደሚያወጣ፣ የትኛው ቤተሰብ ቃሉን እንደሚጠብቅ፣ ለሠርግና ለክርስትና ምን እንደሚገዛ በእግሩ ሄዶ ይማራል። አባትዎ ከገጠር ለሚመጣ ገበሬ ያለ ዋስ ጨውና ላምባ በዱቤ ሰጥተው ከሆነ፣ ይህን ያደረጉት ቀድሞ በዚያው ሰው ደጅ ሳጥናቸውን አውርደው ስለሚያውቁ መሆን አለበት።

በየቀብሩ የሚነበበው «ደግ፣ ታታሪ፣ ሰው አክባሪ ነበሩ» የሚለው ቃል ለማንም ይሆናል። ከዚያ ይልቅ ሥራቸውን ይጻፉ። ሳጥኑ ከምን ተሠራ? ቀበቶውስ በየትኛው ትከሻቸው ላይ ምልክት ተወ? ከደጀን አንደኛው መንገድ በሉማሜ ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ሌላው በቢቸናና በሞጣ ወደ ባሕር ዳር ይሄዳል፤ በሁለቱም ዞረው ነበር ወይ? የሱቁ ዓመተ ምሕረት ከጠፋባችሁ፣ ሁሉም ሰው በሚያስታውሰው ዘመን አስጠግታችሁ ጠይቁ። የገጠር መሬት አዋጅ የወጣው በየካቲት 1967 ዓ.ም. ነው፤ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት የሆነው ደግሞ በሐምሌ ወር በዚያው ዓመት በአዋጅ ቁጥር 47 ነው። ሱቁ በኪራይ ቤት ከነበረ፣ ከዚያ ወዲህ ኪራዩን ለማን ይከፍሉ ነበር? ስኳር በየኅብረት ሱቁ በራሽን በሚታደልባቸው ዓመታትስ መደርደሪያቸውን በምን ሞሉት? እኛን ከሁሉ ይበልጥ የሚያጓጓን ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ነው፤ የአንድ ባለሱቅ ብልሃትና ጽናት የሚለካው ዕቃ በሚጠፋበት ጊዜ ነውና።

ደብተሮቹን በተመለከተ፣ ስሞቹን በምንም መንገድ በአደባባይ አታንብቡ። ያበደሩት አባትዎ ናቸው፤ የተበደሩት ሰዎች ግን እነርሱ ወይም ልጆቻቸው ከማስታወሻው ድንኳን ውስጥ ሊቀመጡ ይችላሉ። በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት፣ ሕጉ ሌላ ጊዜ ካልወሰነ በስተቀር፣ ከውል የሚመነጭ ጥያቄ 10 ዓመት ካለፈው በይርጋ ይታገዳል። ስለዚህ በስሙኒና በሽልንግ የተመዘገበውን አሮጌ ዱቤ ለማስከፈል መነሣት በሕግም አያዋጣም፣ ለአባትዎ መታሰቢያም አይመጥንም። ይልቁንም ስም ሳይጠቅሱ ሁለት ወይም ሦስት መስመሮችን በጽሑፉ ውስጥ ያስገቡ፤ በየትኛው ወር ምን ያህል ጨው፣ ስንት ክንድ አቡጀዲ እንደ ወጣ ብቻ ይነበብ። ሰው የሚያውቀው ዕቃ ሲጠራ ዘመኑን ራሱ ያስታውሳል።

ወንድምዎን በክርክር ለማሳመን አይሞክሩ። ሙት ዓመቱ ከመድረሱ በፊት በአንድ የገበያ ቀን አብራችሁ ወደ ቢቸና ሂዱና አባታችሁን በሳጥናቸው የሚያውቁ አዛውንት ፈልጉ። የሚነግሯችሁን የሚጽፈው ወንድምዎ ይሁን።