መልስ፦ ፕሮጀክቴን ለማን ላስረክብ?

«ጊዜ አጣሁ፣ ኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ) ፕሮጀክቴን የሚረከበኝ ከየት ላግኝ?» ላልከው፦ ማስታወቂያ ከመለጠፍህ በፊት ያለፈውን ዓመት ፑል ሪኩዌስቶች (ሌሎች «ይግባልን» ብለው የላኳቸውን የኮድ ለውጦች) አገላብጥ። ሁለት ሦስቴ ብቅ ያለ፣ አስተያየት ስትሰጠው ሳያኮርፍ አስተካክሎ የመለሰ ሰው አይጠፋም። ለእሱ በግል ጻፍለት። «ማን ይርዳኝ?» ብለህ ለሁሉም ስትጠይቅ ሁሉም ዝም ይላል።

መጀመሪያ ኢሹዎችን (ተጠቃሚዎች ያስመዘገቧቸውን ችግሮችና ጥያቄዎች) ይለይልህ። አዲስ ቨርዥን የመልቀቅ ፈቃዱን ለመስጠት ግን አትቸኩል። በ2018 ኢቨንት ስትሪም የተባለው የኤንፒኤም (የጃቫስክሪፕት ኮድ ማከፋፈያ) ፓኬጅ ልርዳህ ላለ እንግዳ ሰው ተሰጥቶ፣ ቢትኮይን የሚሰርቅ ኮድ ገባበት። በ2024 የታወቀው የኤክስዚ (ፋይል መጭመቂያ ሶፍትዌር) ጉዳይማ ይብሳል፤ እዚያ ልርዳ ብሎ የገባው ሰው ሁለት ዓመት ያህል በትዕግሥት ሲሠራ ቆይቶ ነው በድብቅ ሰርጎ መግቢያ ኮድ ማስገባቱ የታወቀው። እና ሌላ ሰው ሳያየው ምንም ኮድ እንዳይገባ አድርግ።

ማንም ካልተገኘ ሪድሚው (የፕሮጀክቱ መግለጫ ፋይል) ላይ ፕሮጀክቱን የሚከታተል እንደሌለ በግልጽ ጻፍና ሪፖውን (የኮዱን ማከማቻ) አርካይቭ አድርገው፤ ማለትም ለንባብ ብቻ ክፍት ይሁን።